ግሽ ዓባይ፦ ምንጩን የተሳለሙና ምንጩን የለኩ

በጎጃም፣ ከአዊ ምድር ምሥራቃዊ ወሰን ባሻገር፣ ሰከላ በተባለው ደጋ ውስጥ ግሽ የሚባል ተራራ አለ። ከተራራው ግርጌ፣ ረግረግ በሆነ መስክ ላይ፣ ሰው በአንድ እርምጃ ሊሻገረው የሚችል ምንጭ ይፈልቃል። የውኃው መጠን ብቻ ቢታይ በኢትዮጵያ ደጋዎች ከሚገኙት ብዙ ምንጮች የሚበልጥበት ነገር የለም። ስለ እርሱ የተጻፈው መጽሐፍ፣ በእርሱ ስም የተነሣው ክርክርና ወደ እርሱ የተመመው ሕዝብ ሲታሰብ ግን፣ ይህን ያህል ጥቂት ውኃ ይህን ያህል ብዙ ሰው የጠራበት ሥፍራ በዓለም ላይ እምብዛም አይገኝም።

ወደ ግሽ የወጡትን ሰዎች በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኞቹ ለመሳለም፣ ለመጠመቅና ስለት ለማግባት የወጡ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ጦር፣ ባሮሜትርና ካርታ ይዘው ለመለካት የወጡ ናቸው። የታሪክ መጻሕፍት አብዝተው የሚያወሱት ሁለተኞቹን ነው፤ ጽፈው የተዉ እነርሱ በመሆናቸው ይህ አያስደንቅም። ሆኖም ከለኪዎቹ አንድም ሰው በገዛ መንገዱ ወደ ምንጩ አልደረሰም። ሁሉም የሄዱት ተሳላሚው በረገጠው ጎዳና፣ የተጠቀሙበትም ምንጩን ሲጠብቅ የኖረው የአገሬው ሰው ባሳያቸው ነው።

ሰከላ ዛሬ በአስተዳደር ክልል ወደ ምዕራብ ጎጃም ይቈጠራል። በ17ኛውና በ18ኛው ምዕት ዓመት ግን አካባቢው የአገው ምድር ነበር። በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በአንከሻና በዚገም የሚኖረው፣ ራሱንም «ሰባት ቤት አገው» እያለ የሚጠራው የአዊ ሕዝብ ከዚያው ከጥንቱ የአገው ሕዝብ ወገን ነው። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚመጣ ተሳላሚ በአዊዋ ቲሊሊ ከተማ በኩል ተገንጥሎ ወደ ግሽ ይወጣል። ስለዚህ የወረዳ ወሰን ቢለያቸውም ምንጩና አዊ የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው።

ስለ ጥንቱ ሥርዓት የሚነግሩን የውጭ ሰዎች ጽሑፎች በመሆናቸው በጥንቃቄ መነበብ ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው የጀስዊት ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ እንደተረከው፣ የአገው ነገዶች በዓመት አንድ ጊዜ በምንጩ አጠገብ ይሰበሰባሉ፤ የሥርዓቱ መሪ ላም አርዶ ራሷን ወደ ውኃው ይጥላል፤ ከዚያም ገላውን በሞራ ተቀብቶ በሚነድ ክምር መካከል ይቀመጣል፤ እሳቱም አይጎዳውም። ከመቶ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ጊደሯ ያተኩራል። በእርሱ አባባል መሥዋዕቷ ያልወለደች ጥቁር ጊደር ስትሆን፣ የምትታረደውም የውሻ ኮከብ የሚባለው ደማቅ ኮከብ በንጋት መጀመሪያ በሚታይበት ወቅት ነው። ራሷ በምንጩ ይነከራል፣ ሥጋዋም ለየነገዱ ይከፋፈላል።

የሎቦ እሳት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየገዘፈ የመጣ ወሬ ይመስላል። የብሩስ ኮከብም ቢሆን ያጠራጥራል። ብሩስ የጥንቱን ግብፅ መጻሕፍት አብዝቶ ያነበበ ሰው ነበር፤ የጥንት ግብፃውያን ደግሞ የዓባይን ሙላት የሚጠብቁት በዚሁ ኮከብ መውጣት ነበር። ሰው በሩቅ አገር የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ከቤቱ ይዞት የወጣውን ነው። ሁለቱም ምስክሮች የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ተለያይተው የሚኖሩ ነገዶች በታወቀ ቀን በአንድ ውኃ ዙሪያ መገናኘታቸውና ከአንድ መሥዋዕት መቋደሳቸው ነው። ይህ ሥርዓት ከየትኛውም ለኪ በፊት የነበረ ነው።

ከለኪዎቹ መካከል መጀመሪያ የሚጠቀሰው እስፓኛዊው የጀስዊት ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ ለመሐንዲሶች እንግዳ ሰው አይደለም፤ በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ ከድንጋይ የታነጸ ቤተ መንግሥት በማሠራቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር በሰከላ ሳለ ወደ ምንጩ ወጣ። የጥንት ታላላቅ ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ መደሰቱን ከጻፈ በኋላ ወዲያው ወደ ልኬት ይገባል። እያንዳንዳቸው አራት ስንዝር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ የውኃ ዓይኖች አገኘ። በመጀመሪያው ዓይን ጦር ቢያስገባበት አሥራ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ የዛፍ ሥር የሚመስል ነገር ነካ። ሁለተኛው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቆ ዝቅ ካለ ሥፍራ ላይ ነበር፤ በዚህኛው ሁለት ጦር አስሮ ሃያ ስንዝር ያህል ቢያወርድም መጨረሻውን አላገኘም።

ከሁሉ የሚገርመው በዙሪያው ያለው መሬት ሲረገጥ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን መመዝገቡ ነው። የአገሬው ሰዎችም ተራራው በሙሉ ውኃ የሞላበት ስለሆነ ነው አሉት፤ ጨምረውም በዚያ ዓመት ዝናብ በማነሡ መንቀጥቀጡ ቀለለ እንጂ በሌላ ጊዜ መቅረብ እንኳ አስጊ መሆኑን ነገሩት። ይህ ቃል በዘመኑ ለነበረ አውሮፓዊ አንባቢ ተረት ሳይመስለው አልቀረም። የከርሰ ምድር ውኃን ለሚያውቅ ባለሙያ ግን ከዚህ የጠራ ገለጻ ማግኘት ያስቸግራል። በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሰረገው ዝናብ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንብርብር ሲያጋጥመው በተራራው ግርጌ ወደ ላይ ይገፋል፤ በላዩ የበቀለው ሣር ሥሩን እንደ ምንጣፍ ጠልፎ በለሰለሰው ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ሲረግጠው ይወዛወዛል። ዝናብ ሲያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። የሰከላ ሰዎች መሣሪያ ሳይኖራቸው ይህን ተገንዝበው ነበር፤ ፓኤዝም ሳይንቅ ጽፎ አቈየው።

ጄምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ነው። መንደሪቱን ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ሰጥተውት ስለነበር የመጣው እንደ ባለርስት ጭምር ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ወደ ምንጩ ሊወርድ ሲል ሕዝቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ጫማውን እንዲያወልቅ። አወለቀና ቁልቁል ሮጠ። ምንጩን ይጠብቅ የነበረው ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ የሚባል ሲሆን፣ ብሩስ ስሙን «የወንዙ አገልጋይ» ብሎ ተርጉሞታል። አማርኛ ተናጋሪ እንደ ክፍለ ማርያምና እንደ ክፍለ ጊዮርጊስ ያለ ስም መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል፤ በታቦቱ ፈንታ ወንዙ ገባበት እንጂ።

ብሩስ ኩሩና ሌላውን ለማመስገን የሚቸገር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ፓኤዝ ግሽን አላየም ብሎ ተከራከረ። ከእርሱ ጋር ምንጩ ድረስ የሄደውን ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ደግሞ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ከታሪኩ አወጣው፤ ባሉጋኒ ግን የጉዞውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጽፎ ትቷል፤ የሞተውም በሚቀጥለው ዓመት በጎንደር ነው። «መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ሰው መሰረዝ አስፈልጎት ነበር። በምንጩ ዳር ቆሞ የነበረውን ክፍለ ዓባይን መሰረዝ አላስፈለገውም፤ እንደ ተፎካካሪ አልቈጠረውምና።

በልኬት ረገድ ግን ብሩስ ሊመሰገን ይገባዋል። በጅዳ ወደብ ከእንግሊዝ መርከቦች ያገኘውን ንጹሕ ባዜቃ ይዞ መጥቶ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የመስተዋት ቱቦውን በእሳት ሞቅ አድርጎ ባዜቃውን ቢሞላው 22 የእንግሊዝ ኢንች ላይ ቆመ። አየር ገብቶበት ይሆናል ብሎ ስለተጠራጠረ እስኪነጋ ድረስ አስቀምጦ እንደገና ቢያየው ያው 22 ሆነ፤ በቀጣዮቹም ቀናት አልተለወጠም። ከዚህ ተነሥቶ ሥፍራው ከባሕር ወለል ከሁለት ማይል በላይ፣ ማለት ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው ብሎ ደመደመ። ይህ ስሕተት ነው፤ የዛሬ ካርታ የሚሰጠው ከፍታ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። ነገር ግን 22 ኢንች፣ ወይም 559 ሚሊ ሜትር የባዜቃ ግፊት፣ በዛሬው ስሌትና በደጋው የአየር ሙቀት መጠን ሲመነዘር ወደ 2,600 ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ መሣሪያው እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው። በአልጋና በድንኳን መካከል በተሠራ ባሮሜትር ከመቶ ሜትር ባልራቀ ልዩነት መለካት፣ ያውም በ18ኛው ምዕት ዓመት፣ የሚያስቀና ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ግሽ የአገው ነገዶች የመሥዋዕት ቦታ መሆኑ ቀርቶ የክርስቲያን ተሳላሚ ቦታ ሆኖ ጸና። በግዕዙ ኦሪት ዘፍጥረት የኢትዮጵያን ምድር ይከባል የተባለው ግዮን ዓባይ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ምንጩ ከገነት ወንዞች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ከሁሉ በላይ የተሳላሚውን ልብ የያዘው ግን የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ታሪክ ነው። ጻድቁ ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች ሲደርሱባቸው ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከእስር ተፈትተው በተመለሱ ጊዜም ውኃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትጠፋ መለሰላቸው ይባላል። በበዓላቸው ቀን፣ በጥር 13፣ ሕዝብ ከሩቅ ይሰበሰባል። ጠበሉን ለመጠጣት ምግብ ሳይቀምሱ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ጫማም ይወልቃል። ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ መሥዋዕቱ ቀረ፤ ጫማ ማውለቁ፣ የታወቀው ቀንና ተራራውን ወጥቶ መምጣቱ ግን አልቀረም።

በወንዝ መነሻ ላይ መሳለም የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በሂማላያ ተራሮች የሚገኘው የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ጉዞ ነው። በሰሜን ሕንድ ያሙኖትሪ፣ ጋንጎትሪ፣ ከዳርናትና ባድሪናት የተባሉ አራት የተራራ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ በበረዶ ምክንያት የዓመቱን ግማሽ ያህል ተዘግተው፣ በቀሪዎቹ ወራት ብቻ ለተሳላሚ ይከፈታሉ። ጋንጎትሪ ለጋንጌስ ወንዝ መነሻ የተሠራ ሲሆን ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውኃው የሚወጣው ከዚያም አልፎ፣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል ሽቅብ፣ ከግግር በረዶ ሥር ነው። የሥፍራው ስም ጎሙክ ይባላል፤ ትርጉሙም «የላም አፍ» ማለት ነው። በግሽ የላም ራስ ወደ ምንጩ ይጣል ነበር፤ በሂማላያ ላም በማይታረድበት አገር ምንጩ ራሱ የላም አፍ ተባለ። ተሳላሚው በትንንሽ ዕቃ ቀድቶ፣ አፉን አሽጎ ውኃውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከግሽ በጀሪካን ጠበል ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ቢያየው ሥራውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ለሙያው ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መመሳሰል አለ። ጋንጌስ ዴቭፕራያግ ላይ ከሁለት ወንዞች የሚወለድ ሲሆን ብዙ ውኃ የሚያመጣው ወንዝ አላክናንዳ ነው፤ ሕዝቡ እንደ መነሻ የሚቈጥረው ግን በጋንጎትሪ በኩል የሚመጣውን ባጊራቲን ነው። በእኛም ዘንድ ከግሽ የሚወርደው ግልገል ዓባይ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁል ተጉዞ ጣና ይገባል፤ ከጣና ገባሮች ትልቁም ነው። ሆኖም በካርታ ዓባይ የሚጀምረው ከጣና መውጫ ነው፤ ግልገል ዓባይንም ቢሆን የሚሞሉት በርካታ ወንዞች ናቸው። «ታዲያ ግሽ በምን መለኪያ መነሻ ሆነ?» የሚል መሐንዲስ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን በውኃ መጠን መለኪያ ላይ አይገኝም። መነሻ የሚባለውን የመረጠው የሰው ትዝታ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ያ ምርጫ ራሱ ውኃውን ይጠብቀዋል። ከብት እንዳይገባበት፣ በጫማ እንዳይረገጥ፣ እንዳይታረስ ያደረገው የመሥሪያ ቤት ደንብ አልነበረም።

የሂማላያው ጉዞ የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ወደ ተቀደሰ ተራራ መንገድ ማቅናት የሚያስከትለው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1913 ሳይሆን በቅርቡ፣ በሰኔ 2013፣ ከከባድ ዝናብ ጋር ከከዳርናት በላይ የነበረ የተራራ ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ወረደ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ። ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ቆመ፤ ተጠርገው የሄዱት ለተሳላሚው ብዛት ሲባል በወንዙ የጎርፍ መንገድ ላይ የተሠሩት ማደሪያዎችና ሱቆች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አራቱን ቤተ መቅደሶች የሚያገናኝ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የማስፋት ሥራ ተጀመረ። ስፋቱ 5.5 ሜትር ይሁን ወይስ 10 ሜትር የሚለው ክርክር የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። በኅዳር 2023 ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ የሚቈፈር ዋሻ ተደርምሶ 41 ሠራተኞች ለ17 ቀናት ታፈኑ። ትልልቆቹ መሣሪያዎች በተሰበሩ ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በእጅ የቈፈሩ ሰዎች ናቸው ሁሉንም በሕይወት ያወጧቸው።

ወደ አዊ ስንመለስ፣ በ20ኛው ምዕት ዓመት መለካቱ ዓላማውን ለወጠ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ምክንያት እንግሊዞች ዓይናቸውን ከጣና መውጫ አላነሡም ነበር። ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንሲል እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የተቀመጠው በዳንግላ ነው። ዛሬ በዳንግላ ገበያ የሚያልፍ ሰው አንድ የውጭ አገር ቆንስላ በዚህች ከተማ ለምን ተከፈተ ብሎ ቢገረም መልሱ ውኃ ነው። ቺዝማን ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ለዓመታት እየዞረ ካርታ አነሣ፣ ግሽንም ጎበኘ፤ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። ቀጥሎ የአሜሪካ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሰነዱን አስረከቡ። በዚያ ጥናት ከተጠቈሙት ሥፍራዎች መካከል በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው የመጨረሻው፣ በ2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የተሠራበት አካባቢ ነው። ሁለት ጦር አስሮ ጥልቀት ከመፈለግ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እስከ መገደብ ድረስ አራት መቶ ዓመት ያህል ሆነ።

ግድቡ ብዙ ባለሙያ አግኝቷል። ምንጩ ግን እስካሁን አንድ ትሑት መሐንዲስ ይፈልጋል። በአገሪቱ በብዙ ሥፍራ ጠበልን ለማሳመር በተነሣ ቅን ሐሳብ የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ቧንቧ ይገባበታል፣ በላዩም ቤት ይሠራል። እንዲህ ያለው ሥራ በዓይኑ ላይ ያለውን የውኃ ከፍታ ጥቂት እንኳ ከፍ ካደረገው ምንጩ በሌላ ስንጥቅ ሊወጣና የተሠራው ቤት በደረቅ ሊቀር ይችላል። በግሽ ዓይነቱ ተንሳፋፊ መስክ ላይ ለመሠረት የሚቈፈር ቦይም ፓኤዝ በእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ የተሰማውን ምንጣፍ ቈርጦ ውኃውን ሊያፈሰው ይችላል። ከዓይኑ በላይ ባለው ዳገት ባሕር ዛፍ መትከል፣ ለተሳላሚው ብዛት የሚቈፈሩትን መጸዳጃዎች ያለ ጥናት በላይ በኩል ማድረግ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ሳያበጁ የመኪና ማቆሚያ መደልደል፣ እነዚህ ሁሉ በጥር 13 ቀን ለሚሰበሰበው ሕዝብ ምቾት ሲባል የሚታሰቡ ነገሮች ናቸው።

ሥራው የሚጀመርበት ሥፍራም የታወቀ ነው። ፓኤዝ በ1618 የቈጠራቸው የውኃ ዓይኖች ሁለት ነበሩ። ከ152 ዓመት በኋላ ብሩስ ሦስት ቈጠረ። ከመካከላቸው አንዱ ቦታ ለውጦ ወይም ተከፍሎ፣ ወይም ፓኤዝ ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ መስክ ላይ የግንባታ ንድፍ የሚያነሣ ሰው በበጋና በክረምት ዓይኖቹ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደክም፣ መሬቱ የት ላይ እንደሚርድ ማወቅ አለበት። ይህን በቃሉ የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ውኃ ሲቀዳ የኖረ የሰከላ ሰው ነው።